ማረው መንገድ ለቀቀ

የ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት ክረምት ሊያበቃ ጳጉሜን ብቻ ሲቀረው፣ መምህር ያየህ ከጎንደር በመጣው አውቶቡስ ወረታ መገንጠያው ላይ ወረደ። ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የፎገራን ሜዳ ቢያይ ልቡ ድንግጥ አለ። ሜዳ ነው ብለው የነገሩት ነገር ውኃ ነበር። መሐል መሐሉ ላይ ጉብታና ዛፍ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ጣና ድረስ ውኃ።

ያየህ ጎንደር ከተማ ተወልዶ እዚያው ያደገ፣ ጭቃን በመስኮት የሚያውቅ ሰው ነው። በከተማው ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ያሠለጥናል። ሒሳቡ ለእንጀራዬ፣ ኳሱ ለነፍሴ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በጭቃ ውስጥ የሚሄደው ለነፍሱ እንጂ ለእንጀራው እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው። የመጣው ማረው ቢሻው የሚባለውን ልጅ ፍለጋ ነበር።

መንገድ ላይ እንደ ልማዱ ያለፈውን የጨዋታ ዓመት በልቡ ይደግም ጀመር። ዳዊት የሚደግም ሰው እንኳ እንደሱ አይደግምም። ቡድኑ ከተቋቋመ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የገጠማቸው ሁሉ አሸነፋቸው። በሁለተኛው ዓመትም አሸነፋቸው፣ ብቻ ትንሽ እየደከመው። በሦስተኛው ግን ማረው መጣ፤ ነገሩም ሁሉ ተገለበጠ። ደሴ ላይ አሸነፉ። ደብረ ማርቆስ ላይ በዝናብ ተሸነፉ፣ ኳሱ ውኃ ጠጥቶ አልነጥር ብሎ። ከዚያ አሥመራ ድረስ ሄደው፣ ጨዋታውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ የሚመስሉትን ልጆች በገዛ ሜዳቸው ረቷቸው። ያን ዕለት የአሥመራ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ያየህ ያንን ጭብጨባ ባስታወሰ ቁጥር ዛሬም አንጀቱ ይርሳል።

ማረው ኳስ በማስገባት አይታወቅም። ጎበዝነቱ በመከልከል ነው። ረጅም ነው፣ ክንዱ ደግሞ ከቁመቱም ይረዝማል። ቅርጫቱ ሥር ከቆመ በዚያ በኩል የሚያልፍ የለም። አንድ ቀን ያየህ «የሚያታልሉህን እንዴት ነው የምታውቀው?» ቢለው፣ «እኔ ዓይናቸውን አላይም ጋሼ። ኮርማ ሊዞር ሲል ትከሻው ይቀድማል፤ ሰውም እንዲያው ነው» አለው። ያየህ ይህን ሰምቶ ሳምንቱን ሙሉ ለሌሎቹ ልጆች ትከሻ ሲያሳይ ሰነበተ። ማንም አልገባውም።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ባሕር ዳር ነበር፣ ለዋንጫው። የጎንደሮቹ በአንድ ነጥብ ይመራሉ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ከባሕር ዳሮቹ አንዱ፣ ገና ተቀይሮ የገባ ልጅ፣ ኳሷን እያነጠረ ብቻውን ገሠገሠ። ቅርጫቱ ሥር ማረው ቆሟል። ያየህ አልሰጋም፣ እንዲያውም ለመጨፈር ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። ማረው ግን የሚመጣውን ልጅ ፊት ባየ ጊዜ ክንዱን አወረደ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፣ አንገቱንም ደፋ። ልጁ ራሱ ደንግጦ ሊደናቀፍ ምንም አልቀረው። ኳሷ ግን ገባች።

ሲመለሱ በጭነት መኪናው ላይ ጓደኞቹ «ሸጠን!» አሉት። ማረው ጭጭ አለ። ያየህ ለብቻው ጠርቶ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ ቢያባብለው ጭጭ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ማልያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ አመጣና «ጋሼ፣ ለሌላ ልጅ ይሁን። እኔ ኳሱን ትቻለሁ» ብሎ ወደ አገሩ ሄደ።

ይኸው ነው ያየህን በጭቃ ያስኬደው። በሚመጣው ዓመት ሁለት ጎበዞች ተመርቀው ይወጣሉ። የሚተኩት እግራቸው ፈጣን፣ ልባቸው ግን ገና ነው። ማረው ከኋላቸው ከቆመ ደፍረው ይጫወታሉ፣ ዋንጫውም የእነሱ ነው። ማረው ከሌለ ደብረ ማርቆስ በደረቅ ሜዳም ያሸንፋቸዋል። ከዚህም በላይ አንድ ነገር ያንገበግበው ነበር። ያ ልጅ ሻጭ አይመስልም፤ እንዲያ ያለ ልጅ ሻጭ ከሆነ ያየህ በማን ሊያምን ነው?

የማረው አባት አቶ ቢሻው ቤታቸው ከውኃው ዳር ካለ ጉብታ ላይ ነው። እንግዳ መጣ ሲባል እግሩን አሳጥበው፣ እርጎ በቅል ሞልተው አቀረቡለት። ማረው ጋሼን ሲያይ ደስታም እፍረትም ተደባልቆበት፣ እጅ ነሥቶ በሩ አጠገብ ቁጭ አለ።

«በሉ እስቲ መምህር» አሉ አቶ ቢሻው፣ «ይህ ልጅ ጎንደር ሲሠራ የከረመውን ይንገሩኝ። እሱ እንደሁ አፉ ተለጉሟል።»

ያየህ መናገር አያቅተውም። ደሴን፣ ደብረ ማርቆስን፣ አሥመራን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ቅርጫት ኳስ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ባዶውን ቅል አንሥቶ ከምሰሶው ጋር ያዘ። አቶ ቢሻው ልጃቸው አሥመራ ላይ እንደተጨበጨበለት ሲሰሙ ጢማቸውን እያሻሹ፣ ደስታቸውን ለመደበቅ ጣራ ጣራውን አዩ። ወሬው ወደ ባሕር ዳር ሲቃረብ ማረው ተነሥቶ ወጣ።

ያየህ የሆነውን ነገራቸው።

«ያ ኳሷን ይዞ የመጣው ልጅ፣ የማን ልጅ ነው?» አሉ አቶ ቢሻው።

«አበረ ደሳለው ይባላል። ከዚሁ ከሐሙሲት በኩል ነው አሉኝ።»

አቶ ቢሻው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ያየህ በበሩ አጮልቆ አያቸው። ከበረቱ ደጃፍ ልጃቸውን አግኝተው፣ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት። ደግመው ሳሙት። ያየህ ግራ ገባው። ልጁ ዋንጫ አሳልፎ ሰጠ ብሎ ለአባቱ ከሰሰው፣ አባትየው ደግሞ ይስመዋል!

ሽማግሌው ዓይናቸው ረጥቦ ተመለሱ። «መምህር፣ አይቀየሙኝ። በዚህ ነገር አፌን እንድከፍት አልተፈቀደልኝም። ለልጄም አልተፈቀደለትም። ነገ ቄስ ገብረ ኪዳንን ይጠይቋቸው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ብቻ አወሩ።

ቄስ ገብረ ኪዳን የደብሩ አለቃ ናቸው። ያየህን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከግንድ ላይ አስቀመጡትና ነገሩን ሳያጓትቱ ነገሩት። የማረው አጎት አዛናውና የአበረ አባት ደሳለው፣ ውኃው ሲሸሽ በሚበቅለው ሣር ላይ ተጣልተው፣ አዛናው በዱላ ቢመታው ደሳለው እዚያው ቀረ። ገዳዩም እስር ቤት ሞተ። ከዚያ ሽማግሎች ገብተው፣ ካሳው በከብት ተከፍሎ፣ የቢሻው ቤት ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው እግር ላይ ወድቀው እርቅ ወረደ።

«መሐላውን ያስማልሁ እኔ ነኝ» አሉ ቄሱ። «የቢሻው ቤት በደሳለው ቤት ላይ እጁን ላያነሣ። በመንገድ ቢሆን፣ በውኃ ቢሆን፣ በግጦሽ ቢሆን ፊት ለፊት ቢገናኙ ፈቀቅ ብሎ ሊያሳልፍ። ደሙን ደግሞ ከሁለቱ ቤት ማንም በአፉ ላያነሣ። ማረው ያኔ ሕፃን ነበር፤ እጁን ይዤ መስቀል ያስመታሁት እኔው ነኝ።»

ያየህ ግንዱ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱ ቀላ። ያን ሁሉ ቁጣውን አስታወሰ። ልጁ አንዲት ቃል ተናግሮ ከስድቡ መዳን ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ያየህ በሕይወቱ ብዙ ጎበዝ ተጫዋች አይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ግን አላየም፤ ይህንንም ለራሱ አምኖ ተቀበለ።

«ግን አባቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ። «መንገድ አይደለም፣ ግጦሽ አይደለም።»

«ታዲያ ያ ልጅ ወደዚያ ወደ ቀለበቱ ይሄድ አልነበረም?»

«ይሄድ ነበር።»

«ማረው ከፊቱ ቆሞ አልነበረም?»

«ቆሞ ነበር።»

«እንግዲህ መንገድ ማለት ሌላ ምን ኖሯል?» አሉ ቄሱ።

ቄሱ ግን ልበ ደንዳና አይደሉም። መሐላው የተማለለት ሰው ካልፈታው ማንም እንደማይፈታው ነግረውት፣ በማግሥቱ በቅሏቸውን አስጭነው ይዘውት ሄዱ። እሳቸው በበቅሎ፣ እሱ በእግሩ።

እመት ገላነሽ፣ የሟቹ የደሳለው ሚስት፣ ከሐሙሲት ወዲህ ባለው መንደር እርሻዋን በወንድሟ እያሳረሰች ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ደጃፏ ላይ፣ ብልጭ ባለችው ፀሐይ ኩበት ስትገለብጥ አገኟት። አበረም ከጎኗ ነበር። ያየህን ሲያይ ደንገጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያውኑ ወንበር ሊያመጣ ሮጠ።

ቄሱ ነገሩን በዘዴ ጀመሩ። ደሙን ሳይጠሩ፣ ስሙን ሳያነሡ፣ ዙሪያውን ሲዞሩ እመት ገላነሽ አቋረጠቻቸው።

«አባቴ፣ አይድከሙ። አውቀዋለሁ። ይህ ልጅ ከባሕር ዳር የሸለሙትን ሜዳሊያ ይዞ መጣና ከጎታው ኋላ ወረወረው። ምነው ብለው፣ እኔ አላሸነፍሁም አለኝ።»

«አላሸነፍሁማ!» አለ አበረ። «ያን ቀን ቢፈልግ ያግደኝ ነበር፤ ማንም አላለፈውም። እኔን ግን እንደ ለማኝ አሳለፈኝ።»

እመት ገላነሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እኔ ያን መሐላ ስቀበል ልጄ እንዲከበር ብዬ ነው። ገበያ ስንሄድ የቢሻው ቤት ሰዎች ጭቃ ውስጥ ገብተው ያሳልፉናል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ? እየቆየ ግን ልጄን አየሁት። እነሱ ፈቀቅ ባሉ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። አባቱ የሞተው አንድ ቀን ነው፤ በየመንገዱ የሙት ልጅ መሆኑን የሚነግሩት ግን ሁልጊዜ ነው። ይብቃ አባቴ። ከፊቱ ይቁሙ። እንደ ሰው ይግጠሙት።»

ያየህ ዓይኑን ወደ ኩበቱ መለሰ።

«መንገዱን ልትፈቺው ትችያለሽ፣ ላንቺ የተሰጠ ነው» አሉ ቄሱ። «እጅ አለማንሣቱን ግን እኔም አልፈታው፣ አንቺም አትፈቺው። በዚያ ጨዋታ ደግሞ እጅ ይነሣል አሉኝ። እኔ አይቼ መፍረድ አለብኝ። ሽማግሎቹም ማየት አለባቸው።»

እንዲህ ሆኖ ነው ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ወረታ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ በዚያ አገር ታይቶ የማይታወቅ ጨዋታ የተዘጋጀው። ያየህ የበርሜል ቀለበት አስቆርጦ ከሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ አስቸነከረ። ከጎንደር ልጆቹን አስመጣ፤ አበረ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ገበያተኛው በሬውን እየጎተተ ሜዳውን ከበበው። ሽማግሎቹ ከነጋቢያቸው በአንድ ረድፍ ተቀመጡ። እመት ገላነሽ ከሴቶቹ ጋር፣ አቶ ቢሻው ደግሞ ከሁሉ ርቀው ለብቻቸው ቆሙ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ገላነሽ በሽማግሎቹ ፊት መንገዱን ለቅቄያለሁ አለች። ሽማግሎቹ የእጁን ነገር አይተን እንናገራለን አሉ። ፊሽካውን የያዘው ያየህ ነው።

ማረው ቅርጫቱ ሥር ቆመ። አልሸሸም፤ ግን ክንዱ ከጎኑ አልተነሣም። አበረ አንድ ጊዜ አገባ፣ ሁለተኛ አገባ። ከጎንደር የመጡት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። አዋጅ ቢነገርም የልጅ ክንድ በአዋጅ አይነሣም፤ ያየህ ይህን ማሰብ ነበረበት።

ለሦስተኛ ጊዜ አበረ ሲመጣ ከሴቶቹ በኩል ድምፅ ተሰማ። «አንተ ልጅ! እኔ መንገዱን ስለቅልህ ቆመህ ልታየው ነው?»

እመት ገላነሽ ናት። ሕዝቡ ሣቀ። ማረውም ቀና አለ። አበረ በቀኝ ሊያልፍ ሲል ትከሻውን አየና ክንዱን ዘረጋ፣ ኳሷን ከአየር ላይ ነጠቃት። የወረታ ገበያ እልል አለ። ከዚያማ ምን ይነገራል! ሁለቱ ልጆች እንደ ወንድማማች ኮርማ ተያያዙ። አበረ በግራ ሲመጣ ማረው አለ፣ በቀኝ ሲመጣ ማረው አለ፤ አበረም እየሣቀ ዘሎ ከበላዩ ያስገባበታል። ያየህ ዳኛነቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ያያል። እንዲህ ያለ ጨዋታ አሥመራም አላየ። ለሚመጣው ዓመት ያሰበው ሁሉ ትንሽ ሆኖ ታየው፤ እነዚህን ሁለት ልጆች ፊት ለፊት አቁሞ ዓመቱን ሙሉ ማየት ቢችል ዋንጫውን ማንም ይውሰደው።

ከዚያ ሁለቱም ለአንዲት ኳስ ዘለሉ። ማረው ሲወርድ ክርኑ የአበረን አፍ መታው። አበረ ወደቀ። ሲነሣ ከከንፈሩ ደም ወርዶ ነጭ ማልያው ላይ ፈሰሰ።

ሽማግሎቹ ተነሥተው ቆሙ። ማረው በጉልበቱ ወድቆ ሁለት እጆቹን አይቶ፣ የራሱ ያልሆኑ ይመስል ከኋላው ደበቃቸው። አቶ ቢሻው ከሜዳው ዳር ጎንበስ ብለው ትልቅ ድንጋይ አነሡና ማጅራታቸው ላይ ጫኑ። ከበዳቸው፣ ተንገዳገዱ፣ ግን መጡ።

እመት ገላነሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ማንም አልያዛትም። ልጇ ጋ ደርሳ በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሩን ጠረገችው፣ ጥርሱን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደ ያየህ ዞረች።

«ዳኛው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ እመት።»

«ይህ በጨዋታችሁ ጥፋት ነው?»

«ጥፋት ነው።»

«ካሳው ምንድን ነው?»

ሽማግሎቹ ሁሉ ወደሱ አዩ። ያየህ የሚለው ነገር እንደሚያሳፍረው እያወቀ ተናገረ። «የተመታው ልጅ… ማንም ሳይከለክለው ሁለት ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ይወረውራል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ከወረወረ በኋላስ ነገሩ ይነሣል?»

«አይነሣም እመት። ጨዋታው ይቀጥላል።»

እመት ገላነሽ ድንጋይ የተሸከሙትን ሽማግሌ አየች፣ የተንበረከከውን ልጅ አየች፣ የልጇ ደም ያለበትን ነጠላዋን አየች። «እኛ ሰዎች ምን ነክቶን ኖሯል!» አለች። «ኧረ እንዲህም ያለ ካሳ አለ? በል ልጄ፣ ወርውር!»

አበረ መስመሩ ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ሳተ። ኳሷ የበርሜሉን ቀለበት መትታ ወደ በሬዎቹ ሄደችና አንድ ገበያተኛ ሮጦ መለሰለት። ሁለተኛው ገባ።

«ካሳው ተከፈለ?» አለች ገላነሽ።

«ተከፈለ» አለ ያየህ።

ወደ ቄስ ገብረ ኪዳን ዞረች። ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተከፍሏል። በክፋት የተነሣ እጅ አላየሁም» አሉ።

አቶ ቢሻው ድንጋዩን እንዴት እንደሚያወርዱት ጠፍቷቸው ቆመው ቀሩ። አበረ ሄዶ ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ ተቀበላቸውና መሬት ላይ አኖረው። ሽማግሌው ሊስሙት እግሩ ላይ ቢያጎነብሱ ብብታቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው።

«ጋሼ» አለ አበረ ወደ ያየህ፣ ከንፈሩ አብጦ እየተንተባተበ፣ «ኳሷ የማን ናት?»

ያየህ፣ ሕጉ ለማረው ቡድን ናት ቢልም፣ በእጁ ወደ አበረ አመለከተ። አበረ ኳሷን አነሣና ማረውን አየው። ማረው ገና በጉልበቱ ነው።

«ተነሣ እንጂ» አለው። «ባዶ ቅርጫት ላይ ልጫወት ነው እንዴ?»

ማረው ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። ቅርጫቱ ሥር ሄዶ ቆመ፣ ሁለት እጆቹንም ወደ ላይ አነሣ። አቶ ቢሻው ያንን ሲያዩ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ያየህ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከቶ ቢነፋ እምቢ አለው፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ደግሞ ሞከረና ነፋው።